ሰው ሠራሽ ጥርስ፤ ዓይነቶቹ፣ አያያዙና ያልተሸፈነው ወጪ

የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ ይታወቃል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ከተማ የሚደርስ መንገደኛ የወረዳው አርሶ አደር በሩዝ ምን ያህል ኑሮውን እንደለወጠ ለመረዳት ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ሩዙ በአካባቢው እንጀራ ይጋገርበታል፣ ዳቦ ይደፋበታል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ከቀረበለት ማዕድ ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚወስነው የማሳው ምርት ብቻ አይደለም። ቆሎ ሲዘገን እጃቸውን የሚሰበስቡ፣ ሥጋ ሲቀርብ መረቁን ብቻ ፉት የሚሉ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያላቸው አፋቸውን በነጠላ ጋርደው ዝም የሚሉ ወገኖች በየቤቱ አሉ። ምክንያቱ ጥርሳቸውን ማጣታቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አጎት ከእነዚህ ወገኖች አንዱ ነበሩ። ለረጅም ዓመታት በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ ጡረታ ሲወጡ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው አልቆ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በንግግር የኖሩት ሰው «ፈ» እና «ሰ» የሚሉት ፊደላት አልወጣ እያሏቸው ከሰው ፊት መቆም ተዉ። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲያሠሩላቸው ሳቃቸውም ጨዋታቸውም ተመለሰ። ነገር ግን ጥርሱን እንዴት እንደሚይዙት የነገራቸው አልነበረም። ሌሊቱንም አድርገውት ያድራሉ፤ ጠዋት በፈላ ውኃ ይዘፈዝፉታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ቅርጹ ተዛባ፤ ቀጥሎም ወድቆ ተሰነጠቀ፤ በሱቅ ማጣበቂያ ተጠገነ። ድዳቸው ቆስሎ ጥርሱን መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጡት ዓመት አልሞላውም ነበር። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ጥቂት ምክር በማጣት ከንቱ ቀረ።

የጥርስ ማጣት ችግር የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ወደ 3 ነጥብ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍ ውስጥ በሽታዎች ተጠቂ ነው። ዕድሜያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል ወደ 7 በመቶ የሚጠጉት፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ 23 በመቶ ያህሉ ሁሉንም ጥርሶቻቸውን አጥተዋል ተብሎ ይገመታል።

ጥርስ የሚታጣባቸው ዋነኛ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የጥርስ መቦርቦር ሲሆን ሁለተኛው ጥርስን አቅፎ የያዘውን አጥንት እየበላ የሚሄደው የድድ በሽታ ነው። አደጋና ግጭትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በአማራ ክልልና በሌሎችም የአገሪቱ አካባቢዎች በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው «ግግ ማውጣት» የተባለው ጎጂ ልማድ ደግሞ ገና ያልበቀለውን ጥርስ እንቡጥ ስለሚጎዳ ጉዳቱ ከወተት ጥርስ አልፎ ለቋሚው ጥርስ ይተርፋል። የታመመ ጥርስ ሁሉ መነቀል አለበት የሚለው አስተሳሰብም ቢሆን ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ጥርሶች በከንቱ እንዲታጡ ያደርጋል።

አንድ ጥርስ ሲወልቅ ችግሩ በክፍተቱ ላይ ብቻ አይቆምም። በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ከፊት ለፊቱ ያለውም ጥርስ ተጋጣሚ በማጣቱ ከቦታው እየወጣ ይረዝማል። ጥርሱን ተሸክሞ የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሁሉም ጥርስ ከታጣ ደግሞ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አገጭና አፍንጫ የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ ሰውየው ከዕድሜው በላይ ያረጀ መስሎ ይታያል። ከመልክ ይልቅ የሚከፋው ግን በአመጋገብ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ነው። በደንብ ማላመጥ የተሳነው ሰው ሥጋን፣ ጥራጥሬንና አትክልትን እየተወ ለስላሳ በሆነው ምግብ ብቻ ይወሰናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የሚያገለግለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ረጅም ታሪክ አለው። በጥንቷ ጣሊያን ይኖሩ የነበሩ ኤትሩስካኖች ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ በወርቅ ማሰሪያ የተያያዘ ጥርስ ይጠቀሙ እንደነበር በቁፋሮ የተገኙ ቅርሶች ያሳያሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ያደርጉት የነበረው ጥርስ በተለምዶ እንደሚነገረው ከእንጨት ሳይሆን ከዝሆን ጥርስ፣ ከሰውና ከእንስሳት ጥርስ እንዲሁም ከብረት የተሠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጠነከረ ጎማ ሥራ ላይ መዋሉ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለብዙኃኑ እንዲዳረስ ረዳ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ አክሪሊክ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት መጣ። የድድን ቀለም መያዝ የሚችል፣ ቀላልና ለጥገና የሚመች በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ በስፋት ይሠራበታል።

ሰው ሠራሽ ጥርሶች በሁለት ዐቢይ ክፍሎች ይመደባሉ። እነርሱም ባለቤቱ ራሱ እያወለቀ የሚያጸዳቸውና በሐኪም ካልሆነ በስተቀር የማይወልቁት ናቸው።

ከሚወልቁት መካከል የመጀመሪያው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ይህ ዓይነቱ በላይኛው ወይም በታችኛው መንጋጋ ወይም በሁለቱም ላይ አንድም ጥርስ ላልቀረው ሰው የሚሠራ ነው። የላይኛው በላንቃ ላይ በስፋት ስለሚያርፍና በመካከሉ ያለው ስስ የምራቅ ሽፋን አጣብቆ ስለሚይዘው ጸንቶ ይቀመጣል። የታችኛው ግን የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ከመሆኑም በላይ ምላስ ስለሚያነቃንቀው ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ «የላዩ ተመችቶኛል፤ የታቹ ግን እምቢ አለኝ» የሚል ቅሬታ የተለመደ ነው፤ የባለሙያው ጥፋት ነው ብሎ ወዲያውኑ መደምደም አይገባም።

ሁለተኛው ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሆን ጥቂት የራስ ጥርሶች በቀሩበት አፍ ውስጥ ክፍተቱን ለመሙላት ይሠራል። ዋጋው ዝቅ የሚለው የአክሪሊክ መደብ ያለውና በቀጭን ሽቦ ማቀፊያ የራስ ጥርስን የሚይዘው ነው። ኮባልትና ክሮሚየም ከተባሉ ማዕድናት ቅይጥ የሚሠራው ባለ ብረት መደብ ደግሞ ስስ፣ ጠንካራና ድድን እምብዛም የማይጫን ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ከናይለን የሚሠራው ተጣጣፊ ዓይነት ብረት ስለማይታይበት በመልኩ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ሲሰበር ለመጠገን፣ ድድ ሲሟሽሽም መልሶ ለማስተካከል አስቸጋሪ መሆኑን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛው ጥርስ በተነቀለበት ቀን ወዲያውኑ የሚደረገው ጊዜያዊ ጥርስ ነው። በሥራቸው ጠባይ ከሕዝብ ፊት ለሚቆሙ ሰዎች ጠቀሜታው ግልጽ ነው። ሆኖም ቁስሉ እየዳነ፣ አጥንቱም እየሟሸሸ ሲሄድ ጥርሱ መላላቱ ስለማይቀር በተደጋጋሚ መስተካከል፣ በኋላም በቋሚው መተካት ይኖርበታል።

ከማይወልቁት መካከል አንዱ «ድልድይ» የሚባለው ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ሽፋን ይለብሳሉ፤ የጎደለውም ጥርስ ከእነዚህ ሽፋኖች ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ጠንካራና የራስ ጥርስን የሚመስል ቢሆንም ጤናማ ጥርስን መሞረድ የሚጠይቅ በመሆኑ ውሳኔው በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሌላው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የታይታኒየም ብሎን በመቅበር የሚሠራው የጥርስ ተከላ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብራኔማርክ ታይታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ከደረሱበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው ላይ ሥራ ላይ አውለውታል። አጥንቱና ብሎኑ እስኪዋሐዱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ይፈጃል። በታችኛው መንጋጋ ላይ ሁለት ብሎኖችን ብቻ በመትከል የሚወልቀውን ሙሉ ጥርስ በእነርሱ ላይ ማጽናት ይቻላል። ይህም የታችኛው ጥርስ «አልያዝ አለኝ» ለሚሉ ሰዎች ሁነኛ መፍትሔ ነው፤ ወጪው ግን ከሁሉም ይከብዳል።

ደህና ተደርጎ የሚሠራ ጥርስ በአንድ ጉብኝት አያልቅም። በመጀመሪያ አፉ ይመረመራል፤ የታመመ ድድና የተቦረቦረ ጥርስ ይታከማል። ቀጥሎ የድዱ ልክ ይወሰዳል። ከዚያም የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አገጣጠም ይለካል፤ ጥርሱ በሰም ላይ ተደርድሮ በባለቤቱ አፍ ይሞከራል። ተሠርቶ ከተሰጠ በኋላም የሚጎረብጥ ቦታ ካለ ለማስተካከል አንድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ባለቤቱ በመስተዋት አይቶ ስለ ጥርሱ ቀለምና አደራደር አስተያየት መስጠት ያለበት በሰም ሙከራው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማስለወጥ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች እጅ ፕላስቲኩን በድድና በራስ ጥርስ ላይ በቀጥታ አጣብቆ «በአንድ ቀን የማይወልቅ ጥርስ» የመሥራት ድርጊት በጥብቅ ሊወገዝ የሚገባው ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ ሥሩ ሊጸዳ ስለማይችል ምግብ ይቋጥራል፤ ድድን ያቆስላል፤ በመጨረሻም የቀሩትን ጤናማ ጥርሶች ይዞ ይወድቃል። ከወረታ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደብረ ታቦር፣ ወይም ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ተጉዞ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ማማከር የመንገድ ወጪ ቢኖረውም በኋላ ከሚመጣው ኪሣራ ያነሰ ነው።

አዲስ ጥርስ ያደረገ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምራቁ ቢበዛ፣ አፉ የሞላ ቢመስለውና ንግግሩ ቢኮላተፍ ሊደነግጥ አይገባም። ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ምላስን ያለማምዳል። ለምግብ በቅድሚያ ለስላሳ የሆነውን መምረጥ፣ በትንሽ በትንሹ መጉረስና በሁለቱም ወገን እኩል ማላመጥ ይመከራል። በዚህ ረገድ የፎገራው ሩዝ በደንብ ከተቀቀለ ለጀማሪ የሚመች ምግብ ነው፤ በወጥ የራሰ እንጀራም እንዲሁ። ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ሸንኮራ አገዳ ግን ሊዘገዩ ይገባል። የሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የመንከስ ኃይል የራስ ጥርስ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ በመሆኑ አገዳ በፊት ጥርስ መግመጥ ከጊዜ በኋላም ቢሆን አይመከርም።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጥርሱን አውልቆ በውኃ ማለቅለቅ፣ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽና በለዘብተኛ ፈሳሽ ሳሙና በሁሉም ወገን መቦረሽ ያስፈልጋል። የተለመደው የጥርስ ሳሙና ለራስ ጥርስ እንጂ ለአክሪሊክ አይመችም፤ በውስጡ ያለው ፈታጊ ንጥረ ነገር ገጽታውን ይቧጭረዋል። በጭረቱ ውስጥም ቆሻሻና ተሕዋስያን ይሸሸጋሉ። በአመድ፣ በከሰል ወይም በአሸዋ መፈተግ ከዚህም የባሰ ጉዳት ያስከትላል። መፋቂያ ለቀሩት የራስ ጥርሶች ሊያገለግል ቢችልም ለሰው ሠራሹ ግን ብሩሽ ያስፈልገዋል።

ብዙ ጥርስ የሚሰበረው በአፍ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ላይ፣ በሚታጠብበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሚታጠብበት ጊዜ ከሥሩ ውኃ የያዘ ሳፋ ማስቀመጥ ወይም የታጠፈ ፎጣ ማንጠፍ ቢያመልጥ እንኳ ከመሰበር ያድነዋል። የፈላ ውኃ አክሪሊክን ስለሚያጣምም ፈጽሞ መጠቀም አይገባም፤ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። በረኪናም ቢሆን ባለ ብረት መደብ ላይ የብረቱን ገጽ ስለሚበላ አይደረግም። ብረት በሌለው አክሪሊክ ላይ ባለሙያ ካዘዘ ብቻ፣ እጅግ በቀጠነ መጠን፣ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ተዘፍዝፎ ወደ አፍ ከመመለሱ በፊት በደንብ መለቅለቅ አለበት። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት እየሟሙ የሚያጸዱ ክኒኖችም በውኃ ውስጥ እንጂ በአፍ ውስጥ የሚደረጉ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። የሚወልቅ ጥርስ ማታ ወልቆ ማደር አለበት። ድድ ቀኑን ሙሉ ከተሸከመው ጫና የሚያርፈው፣ ምራቅም ድዱን የሚያጥበው ያኔ ነው። ሳይወልቅ ሲያድር በላንቃ ላይ መቅላትና ማቃጠልን የሚያስከትል የፈንገስ በሽታ ይከሰታል። በጃፓን 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 524 አረጋውያን ለሦስት ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። ትንሽ ከፊል ጥርስም በእንቅልፍ ልብ ሊዋጥ ወይም ወደ መተንፈሻ አካል ሊገባ ይችላል።

የወለቀው ጥርስ እንዳይደርቅና ቅርጹ እንዳይዛባ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ውኃው በየዕለቱ መለወጥ አለበት። ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ወቅት የውኃ ንጽሕና አስተማማኝ ስለማይሆን ለዚህ አገልግሎት የሚውለው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ማድረግ ወይም ከትራስ ሥር ማስቀመጥ ለመጥፋትና ለመሰበር ያጋልጠዋል። አፍንም መዘንጋት አይገባም፤ አንድም ጥርስ የሌለው ሰው ቢሆን ድዱን፣ ምላሱንና ላንቃውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ ጨርቅ በየዕለቱ ማጽዳት አለበት። ከፊል ጥርስ ያለው ሰው ደግሞ ማቀፊያው የሚያርፍባቸውን ጥርሶች በተለየ ሁኔታ መቦረሽ ይኖርበታል። እነዚህ ጥርሶች ከወለቁ ሰው ሠራሹም የሚይዝበትን ያጣል።

ባለቤቱ ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት ጥርሱ ሲሰበር ብቻ አይደለም። አጥንትና ድድ መሟሸሻቸውን ስለማያቆሙ ትናንት ልክ የነበረው ጥርስ ከጊዜ በኋላ ይላላል። ሲላላ በማጣበቂያ ቅባት ብዛት ማስቆም ሳይሆን መደቡን ከድዱ ጋር እንደገና ማስተካከል ነው የሚገባው። ስለሆነም በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ተገቢ ነው። የተሰነጠቀን ጥርስ በሱቅ ማጣበቂያ መጠገን፣ የሚጎረብጠውን በሞረድ ወይም በቢላ መፋቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ስብርባሪው በሙሉ ተሰብስቦ ለባለሙያ ቢሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ሊጠገን ይችላል። በአፍ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ወይም እብጠት ከታየ «ጥርሱ ስለነካኝ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መታየት አለበት።

የአያያዙ ዕውቀት ይህን ያህል አስፈላጊ የሚሆነው ወጪው በባለቤቱ ጫንቃ ላይ የሚወድቅ በመሆኑም ጭምር ነው። በዚህ ረገድ ፎገራ የራሱ ታሪክ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ሥርዓቱ የወረዳው አርሶ አደር በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና እንዲያገኝ አስችሏል። ይሁን እንጂ በሙከራው የጥቅም ዝርዝር ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከውጭ አገር ሕክምናና ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር ተመድቦ ከሽፋኑ ውጭ ተደርጓል። ለመደበኛው ዘርፍ ሠራተኞች የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005ም ሰው ሠራሽ ጥርስን ከማይሸፈኑት አገልግሎቶች ጋር ዘርዝሮታል።

የመድን ፈንድ ውስን በመሆኑ ሕይወትን ለሚያድኑ ሕክምናዎች ቅድሚያ መሰጠቱ የሚያከራክር አይደለም። የሚያነጋግረው ሰው ሠራሽ ጥርስ የተመደበበት መደብ ነው። ማላመጥ ላቃታቸው አዛውንት ጥርስ ጌጥ አይደለም። ለመምህሩ፣ ለቀዳሹ፣ ለዳኛውና በመስኮት ባለጉዳይ ለሚያስተናግደው ሠራተኛም የሥራ መሣሪያ ነው። የጥቅም ዝርዝሮች በሚከለሱበት ጊዜ ሙሉውን ወጪ መሸፈን ባይቻል እንኳ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራው ሙሉ የአክሪሊክ ጥርስ አንድም ጥርስ ላልቀራቸው አረጋውያን በከፊል የሚደገፍበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው።

እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። ጥርስ የሚነቅል ጤና ተቋም ሁሉ ለታካሚው ስለ ምትኩ ሊያስረዳው ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያስረክብ ባለሙያ የአያያዙን መመሪያ በአማርኛ ጽፎ ቢሰጥ ወጪው አንዲት ወረቀት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ ስለ ግግ ጎጂነትና ስለ አፍ ንጽሕና ሲያስተምሩ «የሚወልቅ ጥርስ ያለው ሰው በቤቱ አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁና ማታ እንዲወልቅ ቢመክሩ አስተዋጽኦው ቀላል አይሆንም።

የጽሑፉ አቅራቢ አጎት ካለፉ በኋላ ዕቃቸው ሲደረደር በሱቅ ማጣበቂያ የተያያዘው ጥርስ ከመሳቢያው ተገኝቷል። «ማታ አውልቁት፤ በፈላ ውኃ አትንከሩት» የሚሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በጊዜው ተነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ ጥርሱ ከመሳቢያ ይልቅ በአፋቸው ብዙ ዓመት ባገለገለ ነበር። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ለየአንዳንዱ ጥርስ ተጠቃሚ ማድረስ የባለሙያውም፣ የኃላፊውም፣ የቤተሰቡም ድርሻ ነው።